ሁለት ዓመት ሙሉ ባለሁበት እየረገጥኩ ነው፤ ከሦስት ድል በላይ ማለፍ አቃተኝ

ባለቀለም_ጦር

ሰላም ለሁላችሁ። ዋርሃመር 40,000 (የቀባናቸውን ትናንሽ ሞዴል ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ እያንቀሳቀስን በዳይስ የምንዋጋበት ጨዋታ) መጫወት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከጨዋታ ጨዋታ ስሻሻል ለራሴም ይታወቀኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አምስት ጨዋታ ያለው ውድድር በገባሁ ቁጥር ሦስት አሸንፌ፣ ሁለት ተሸንፌ እወጣለሁ። የሚያሸንፉኝም ያው ላይኛው ጠረጴዛ ላይ የማይጠፉት ሰዎች ናቸው።

ያልሞከርኩት የለም። ሦስተኛ ሰራዊቴን ቀብቼ ጨርሻለሁ። የአሸናፊዎችን ሊስት (የሰራዊት ዝርዝር) አንድም ዩኒት (አብሮ የሚንቀሳቀስ የሞዴሎች ቡድን) ሳልነካ ገልብጬ ገብቻለሁ። ለውጥ የለም። ባለፈው ውድድር የመጨረሻውን ጨዋታ 78 ለ 71 ተሸነፍኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ትልቁን ዩኒቴን በዲፕ ስትራይክ (ከጠረጴዛው ውጭ አቆይቶ በጨዋታው መሃል ሜዳ ላይ ማሳረፍ) አወረድኩና ቻርጅ አልኩ፤ ሮጦ ጠላት ላይ እንዲገባ ማለት ነው። በሁለት ዳይስ ድምር ዘጠኝ ያስፈልገኝ ነበር፤ ሰባት ወጣ። ዩኒቱ ገላጣ ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ፤ በተቃዋሚዬ ተራ አንድም ሞዴል አልተረፈም።

ያቺ ዳይስ ናት ጨዋታውን የበላችብኝ ብዬ ነበር። ማታ ሳስበው ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ፦ ዳይሱን ስጥል ተቃዋሚዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ወጣልኝ አልወጣልኝ ግድ ያልሰጠው መሰለኝ። እሱ አይቶ እኔ ያላየሁት ምንድን ነው? ከዚህ ደረጃ ያለፋችሁ እንዴት አለፋችሁ?

ሠላሳ_ስድስት

ስለ ዳይሱ ብቻ ልበል። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወጣጥ አለው፤ ዘጠኝና ከዚያ በላይ የሚሰጡት 10 ብቻ ናቸው። ከመቶ ወደ 28 መሆኑ ነው። ደግመህ መጣል ብትችል እንኳ 48 አይሞላም። ሰባት ቢሆን ኖሮ የምትፈልገው፣ ያለምንም ድጋሚ 58 ይደርስ ነበር። ስለዚህ ዳይሱ አልከዳህም። ከመጣልህ በፊት «ባይወጣስ ይህ ዩኒት የት ነው የሚቀረው?» ብለህ ነበር?

ጥቁር_ፕራይመር

ወንድሜ፣ አንተ ያለህበት ቦታ ላይ ዓመት ከመንፈቅ ቆሜያለሁ፤ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትታዘበኝ።

እኔን ያወጣኝ አንድ ጥያቄ ነው። ያሸነፈኝን ሰው «ምን ላሻሽል?» ማለት ትቼ «እንደምታሸንፍ ያወቅከው መቼ ነው?» ማለት ጀመርኩ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰው ሁሉ በትህትና «ጥሩ ተጫውተሃል፣ ዳይሱ ነው» ይልሃል። ለሁለተኛው ግን ጣቱን አንድ ቦታ ላይ ማድረግ ግድ ይሆንበታል።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ሰው የመለሰልኝ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አራተኛው ዙር ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሞዴሎቹን ወደ ሻንጣው መመለሱን ትቶ ጠረጴዛውን እንደ መጀመሪያው አሰላለፋችን መልሶ ደረደረው። «እዚህ ጋ» አለኝ፣ የእኔን የኋላ ጥግ እያሳየኝ። አሥር ወታደሮቼን የራሴ ኦብጀክቲቭ (ሲይዙት ነጥብ የሚያስገኝ ቦታ) ዙሪያ፣ የቆሙበት ቤዝ እስኪነካካ አጠጋግቼ አቁሜያቸዋለሁ። ሜትሩን ከዳር ካለው ሞዴል እስከ ጥጉ ዘረጋው፤ 14 ኢንች። ዲፕ ስትራይክ የሚጠይቀው ከሞዴሎቼ ሁሉ ከዘጠኝ ኢንች በላይ መራቅን ነው፤ ስለዚህ ከኋላዬ ማረፊያ አዘጋጅቼ ጠብቄዋለሁ ማለት ነው። ከዚያ አራቱን ሞዴሎች ብቻ፣ ከዩኒታቸው ሳይነጥል፣ ሁለት ሁለት አድርጎ ወደ ጥጉ ሳብ አደረጋቸው። ሜትሩን እንደገና ዘረጋ፤ ስምንት። ማረፊያው ጠፋ። ይህ ሁሉ አንድም ዳይስ ሳይጣል!

ያንተም ተቃዋሚ ቀና ብሎ ያላየው ለዚህ ይመስለኛል። ቻርጁ ቢወጣልህ የሚያጣውን ዩኒት አስቀድሞ ለመሥዋዕትነት አቁሞልህ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጨዋታ ከመደጋገም ቁራጩን እጫወታለሁ። የተሸነፍኩበትን ሁለተኛ ዙር ከፎቶ አይተን ከጓደኛዬ ጋር እንደነበረ እናቆመዋለን። ያንን ዙርና ቀጣዩን ብቻ እንጫወታለን፣ ከዚያ ጎን ቀይረን እንደገና። አንድ ሙሉ ጨዋታ በሚፈጀው ጊዜ ያንኑ ውሳኔ ከአንዴ በላይ ታገኘዋለህ። ሰራዊት መቀያየሩን ደግሞ ለጊዜው ተወው፤ በቀየርክ ቁጥር ሐሳብህ ሁሉ አዲስ ሕግ በማስታወስ ይያዛል፣ ጠረጴዛውን የሚያይልህ ዓይን አይተርፍም።

የሰዓት_ሰው

በሰራዊቱ ጉዳይ በከፊል አልስማማም። አትግዛ እንጂ፣ ሁሌ የሚያሸንፍህን ሰራዊት ተውሰህ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫወትበት። ምን እንደሚያስፈራው የምታውቀው ያኔ ነው።

ሌላው ሰዓት ነው። ለሦስት ሰዓት ጨዋታ የቼዝ ሰዓት ሲቀመጥ ድርሻህ 90 ደቂቃ ነው። እኔ ሁለቱን የመጀመሪያ ዙሮች ስጫወት አንድ ሰዓት እጨርስ ነበር፤ ጨዋታው የሚወሰንበትን መጨረሻ በጥድፊያ። አሁን የመጀመሪያውን ዙር እንቅስቃሴ ቤቴ ወስኜ እመጣለሁ።

ባለቀለም_ጦር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፎቶዎቹን አውጥቼ አየሁ። ሚሽኑ (ነጥብ እንዴት እንደሚገኝ የሚወስነው የጨዋታው ተልዕኮ) ቴክ ኤንድ ሆልድ ነበር፤ አንድ ኦብጀክቲቭ በተራ 5 ነጥብ። በስተግራ በኩል ማንም ያልያዘው ኦብጀክቲቭ አለ፣ አጠገቡም ከእይታ የሚሰውር የፍርስራሽ ግድግዳ። ትልቁ ዩኒቴ እዚያ ወርዶ ቢሆን በአራተኛውና በአምስተኛው ዙር 10 ነጥብ ይሰጠኝ ነበር፤ የተሸነፍኩት በ7 ነው። ቻርጅ ያደረግኩበት ደግሞ፣ ልክ እንደተባለው፣ ርካሽ የአምስት ሞዴል ዩኒት ነው፤ ብቻውን ወደፊት ወጥቶ የቆመ። በዚያ ሰዓት ሞኝነቱ የተቃዋሚዬ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛውን ዙር አሁን ጠረጴዛዬ ላይ በፎቶው መሠረት አቁሜዋለሁ። ጓደኛዬ ነገ ይመጣል። መጀመሪያ የተቃዋሚዬን ጎን የምይዘው እኔ ነኝ።