አስቸኳይ፦ የማርቲን ሉተር ኪንግ ሙዚየም ትኬታችን እዚህ አይሠራም አሉን (አትላንታ)

ጠያቂ፣ ጁላይ 2024
ቶሎ መልሱልኝ! አውበርን ጎዳና ላይ ቆመናል። ለዛሬ የሁለት ሰው ትኬት በስልኬ ቆርጬ ነበር፣ «የኛ አይደለም» ብለው መለሱልን። የተወለደበት ቤትም ታጥሯል። አባቴ ብዙ መራመድ አይችሉም፣ ነገ ጠዋት በረራ አለን። ምን ይሻለኛል?

መንገደኛው
እዚያ ትኬት አይጠየቅም፣ ነፃ ነው። ዝም ብላችሁ ግቡ።

ቀይ እስክርቢቶ
ትኬቱ ላይ ያለውን ስም አንብቢልን። «የሲቪልና የሰብአዊ መብቶች ማዕከል» የሚል ከሆነ ሌላ ሙዚየም ነው፤ መሃል ከተማ፣ ከጆርጂያ አኳሪየምና ከኮካ ኮላ ሙዚየም አጠገብ ይገኛል። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል፤ እዚያም የኪንግ የእጅ ጽሑፎች ስለሚታዩ «የኪንግ ሙዚየም» ብሎ የሚፈልግ ሰው ፊት እሱም ይመጣል። አሁን ያላችሁበት ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ነው።

ጠያቂ
አዎ እሱ ነው!! ታዲያ ገንዘቤ ቀለጠ ማለት ነው?

ቀይ እስክርቢቶ
አይ፣ ትኬቱ ደህና ነው። ፓርኩን አሁን ጎብኙ፣ ከሰዓት ወደዚያ ትሄዳላችሁ።

እማዋይሽ
እህቴ፣ «ሙዚየም» የሚለው ቃል ነው ያሳሳተሽ። ቦታው አንድ ሕንፃ አይደለም፣ ሰፈር ነው። በአውበርን ጎዳና የጎብኚዎች ማዕከሉ የቤት ቁጥር 450፣ አሮጌው ኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን 407፣ የተወለደበት ቤት 501 ነው። የኪንግ መቃብር ያለው ባለቤታቸው ኮሬታ ኪንግ በ1968 ባቋቋሙት የኪንግ ማዕከል ግቢ ነው፤ ማዕከሉ ከፓርኩ የተለየ ድርጅት ስለሆነ አንዱ ጋ ያለው ሠራተኛ ስለሌላው ላያውቅ ይችላል። ኪንግ መጀመሪያ የተቀበሩት ሳውዝ ቪው መካነ መቃብር ነበር፤ አስከሬናቸው ወደ አውበርን የመጣው በ1970 ነው። በ2006 ያረፉት ኮሬታም አሁን አጠገባቸው ናቸው። የእብነ በረድ መቃብሩ በኩሬ መሃል ስለሆነ ከዳር ቆሞ ነው የሚታየው፤ ፊት ለፊቱ የማይጠፋ እሳት ይነዳል።

ደርቤ
ቤቱ ካልተከፈተ ጉብኝቱ ምን ዋጋ አለው? ሌላ ጊዜ ተመለሱ።

እማዋይሽ
ደርቤ፣ በዚህ አልስማማም። ቤቱ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ለጥገና ተዘግቷል። ክፍት በነበረ ጊዜም በአንድ ዙር የሚገባው 15 ሰው ብቻ ስለነበር ጠዋት ያልተመዘገበ ከውጭ አይቶት ይመለስ ነበር። ኤቤኔዘርን ዘሎ መመለስ ነው የሚቆጨው። ኪንግ ከ1960 እስከ 1968 ከአባታቸው ጋር ያገለገሉበት አዳራሽ ነው፤ አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ የተቀዳ ስብከታቸው ይሰማል። ለአባትሽ ከዚህ የሚሻል ማረፊያ የለም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ አዲስ ሕንፃ ምእመናኑ ዛሬ የሚያመልኩበት ነው፣ እሱን ከአሮጌው እንዳታምታቺ።

መንገደኛው
ነፃ ነው ብያለሁ እኮ፣ ትኬት አያስፈልግም።

ብርሃኔ
ለአባትሽ እግር የሚመች ቅደም ተከተል ይኸው። በ450 ጀምሩ። ጥላ አለ፣ ውስጡ ጠፍጣፋ ነው፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1968 በቅሎዎች የኪንግን አስከሬን የጎተቱበት የእርሻ ጋሪም እዚያው ቆሟል። ሻካራ እንጨቱንና የመንኰራኩሩን ብረት ከቅርብ ስታዩት የድሃ ገበሬ ጋሪ እንደሆነ ይገባችኋል፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው፣ ኪንግ በመጨረሻ ወራቸው ለድሆች ዘመቻ ሲያዘጋጁ ነበርና። ከዚያ መንገዱን ተሻግራችሁ መቃብሩን እዩ፣ ኤቤኔዘር ገብታችሁ ተቀመጡ። 501 ከሌሎቹ ትንሽ ስለሚርቅ አባትሽ ከደከሙ ይቅር።

ወደ መሃል ከተማ ስትሪትካር የሚባለው የጎዳና ባቡር አለ። «ኪንግ ሂስቶሪክ ዲስትሪክት» ፌርማታ ተሳፍራችሁ «ሴንቴኒያል ኦሊምፒክ ፓርክ» ውረዱ። ሒሳቡ ለአንድ ሰው 1 ዶላር ነው። ከዚያ መናፈሻውን ወደ ሰሜን ማቋረጥ አለ፤ ያ ለእሳቸው ከበዛ ከአውበርን በቀጥታ ታክሲ ያዙ፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእግር አትሞክሩት።

ቀይ እስክርቢቶ
አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ትኬት በቆረጥሽበት የመብቶች ማዕከል የምግብ ቤት ባንኮኒ የሚመስል ቦታ አለ። የጆሮ ማዳመጫ አድርገሽ፣ ሁለት እጅሽን ባንኮኒው ላይ ዘርግተሽ ስትቀመጪ በ1960 ነጮች ብቻ በሚስተናገዱበት ባንኮኒ ለተቃውሞ የተቀመጡት ጥቁር ተማሪዎች ላይ የወረደው ስድብና ዛቻ ጆሮሽ ሥር ይጮኻል፣ ወንበሩም እየተመታ ይናወጣል። አባትሽ ልብ ወይም ደም ግፊት ካለባቸው አይቀመጡ፣ ቆመው ይመልከቱ።

ብርሃኔ
ከኤቤኔዘር ወጣችሁ? አባትሽ ዊልቸር ካስፈለጋቸው ከመሄድሽ በፊት ወደ መብቶች ማዕከሉ ደውለሽ ጠይቂ።