የድሃ ቤት ይቀረፅ ወይስ አይቀረፅ?

የሆጤ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ስለሚከራዩት ክፍል ዘጋቢ ፊልም ልንሠራ አስበናል። ግማሻችን "ገበና ነው፣ አይታይ" ይላል። እናንተስ?

ሰኞ ገበያ፦ እንዲቀረፅ አልስማማም። ሰው አምኖ በሩን ሲከፍትልህ ፍራሹንና ድስቱን አገር እንዲያይለት አይደለም። የሠራተኛዋ ልጅ እናት ገጠር ሆና ልጄ ደህና ናት ብላ ነው የምትኖረው፤ ነገ በስልክ ብታየውስ? ለቅሶ ቀርፆ ዋሽንት ለቆበት መሄድ ሰልችቶናል።

ቦርከና ዳር፦ ወንድሜ፣ የእናቷ ነገር እኔንም ያስጨንቀኛል። ግን እኔ ራሴ ኮምቦልቻ ለሦስት አንድ ክፍል ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ፍራሹ አንድ ነው። ሌሊት የሠራችው ጠዋት ስትገባ እኛ የተነሳንበት ገና አልቀዘቀዘም። ኪራይ ሲጨምር ከምሳችን ነበር የምንቀንሰው። ይሄ የኔ ውርደት አይደለም፣ ቢታይ ደስ ይለኛል።

የምፈራው ሌላ ነው። በ1935 በአውሮፓውያን አቆጣጠር አርተር ኤልተንና ኤድጋር አንስቲ "የመኖሪያ ቤት ችግሮች" የሚል አጭር ፊልም ሠርተው ነበር። የለንደን ስቴፕኒ ተከራዮች እዚያው ቤታቸው ቆመው ስለ አይጡና ስለ ትኋኑ በራሳቸው አፍ ተናገሩ። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ወጪውን የቻለው ግን የጋዝ ኩባንያዎች ማኅበር ነበር፣ አዲስ ቤት ማለት ደግሞ አዲስ የጋዝ ደንበኛ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ይሻገራል እንጂ ኪራዩን የሚበላው ማነው፣ ደሞዙስ ለምን አይበቃም የሚለው ላይ አይቆምም። የእናንተን ፊልም ማን ነው የሚከፍልበት?

የሆጤ ልጅ፦ ከኪሳችን ነው። አከራዮችንም እንጠይቅ ማለትሽ ነው?

ሰኞ ገበያ፦ ደሴ ብትመጡ እኮ ክፉ አከራይ ፈልጋችሁ አታገኙም። ትርፍ ቤት በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሰ ወዲህ ቀበሌ ቤት ውስጥ ያረጀ ሰው አለ። ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ግድግዳው ግን ጭቃው እየተራገፈ ነው።

ቦርከና ዳር፦ እንግዲያው ማን ያድሰው ብላችሁ ጠይቋ! ፊልሙን ደግሞ ለማንም ሳታሳዩ በፊት ለልጆቹ አሳዩ። ይሄ ይውጣ ካሉ ይውጣ። ፊቷ እንዲታይ ያልፈለገች፣ ኪራይ ስትቆጥር እጇን ቅረፁ።

ሰኞ ገበያ፦ ልጅቷ መጀመሪያ ለእናቷ ከነገረች እሺ። ካልነገረች አሁንም አልስማማም።