ኤንቢሲ ኮናን ኦብራየንን 5 ዓመት አስጠብቆ በ7 ወር ለምን አሳልፎ ሰጠው?

ከማርቆስ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት እማራለሁ። የጣቢያ አለቆች እንዴት ይወስናሉ በሚል ርዕስ አንድ ጽሑፍ ማቅረብ አለብኝና ኤንቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የማታ የቀልድና የእንግዳ ፕሮግራም የሚያቀርቡትን የኮናን ኦብራየንንና የጄ ሌኖን ጠብ መርጫለሁ። አሜሪካ ውስጥ በ2010 የሆነውን ማለቴ ነው። ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር።

ግራ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ኮናን ሌኖ ይዞት የነበረውን «ዘ ቱናይት ሾው»ን የጀመረው ጁን 1 ቀን 2009 ነው። ጃንዋሪ 22 ቀን 2010 ላይ ተሰናበተ። 8 ወር እንኳ አልሞላውም። ወንበሩ ያንተ ነው ብለው ቃል የገቡለት ግን በ2004 ነው! አንድን ሰው ይህን ያህል ጊዜ ካስጠበቁ በኋላ ሥራውን ሳይለምደው ማንሳት ምን ዓይነት አሠራር ነው?

ዶርም ውስጥ ስንከራከር ውለን እናድራለን። አንዱ ሌኖ ስግብግብ ስለሆነ ነው ይላል፣ ሌላው ኮናን ተመልካች ማምጣት ስላቃተው ነው ይላል። እኔ ጥፋቱ ከሁለቱም በላይ ያሉት ሰዎች ነው ባይ ነኝ፣ ግን በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። የምታውቁ እስቲ አግዙኝ።

ዓባይ ዳር

ያገሬ ልጅ፣ ጥሩ ነገር ነው የመረጥከው። እኔም ካንተ ጋር ነኝ። ግን ታሪኩን ከ2010 አትጀምረው፣ ከ1992 ጀምረው።

ጆኒ ካርሰን ከ1962 ጀምሮ 30 ዓመት የተቀመጠበትን ወንበር ሲለቅ ብዙ ሰው የጠበቀው ዴቪድ ሌተርማንን ነበር። ሌተርማን እዚያው ኤንቢሲ ላይ ከ1982 ጀምሮ ከካርሰን ቀጥሎ ያለውን ሰዓት ይሠራ ነበር። ጣቢያው ለሌኖ ሰጠው። ሌተርማን በ1993 ተነስቶ ሲቢኤስ ገባ፣ በዚያው ሰዓት ፊት ለፊት ተቀናቃኝ ሆነባቸው። አለቆቹ ይህን አልረሱትም። የሌተርማንን ቦታ በ1993 የተካው ኮናን ነበር፣ እየገነነ ሲመጣ እሱንም ሌላ ጣቢያ እንዳይወስድባቸው ሰጉ። ለዚህ ነው በ2004 ላይ ሆነው ለ2009 ቃል የገቡለት። ዜናውንም ሌኖ ራሱ በፕሮግራሙ ላይ ተናገረው።

2009 ሲደርስ ሌኖ አሁንም በተመልካች አንደኛ ነበር። አሁን ደግሞ ሌኖን ማጣት ፈሩ። መልቀቅ አልፈለጉም፣ ቃላቸውንም ማጠፍ አልቻሉም፣ ስለዚህ ከሴፕቴምበር 14 ጀምሮ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከኮናን አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ሌኖን አስቀመጡት። ጎጃም ያደገ ሰው ይህ ነውር መሆኑን ለመረዳት የቢዝነስ ትምህርት አያስፈልገውም። የቅኔ መምህሩ ወንበራቸውን ለደቀ መዝሙራቸው ካስረከቡ በኋላ እዚያው ደጃፍ ላይ ሌላ ጉባኤ ቢዘረጉ ተማሪው ወዴት ይሄዳል?

ውሳኔው ግን ከገንዘብ አንፃር ሞኝነት ብቻ አልነበረም፣ ይህን ጽሑፍህ ላይ በደንብ አስረዳ። በዚያ ሰዓት የሚታየው ድራማ በጣም ውድ ነው። ሌኖ ጠረጴዛ፣ እንግዳና ቀልድ ነው የሚፈልገው። ተመልካቹ ቢያንስ እንኳ ወጪው ስለሚቀንስ እናተርፋለን ብለው አሰሉ። ያላሰሉት የሌላውን ሰው ኪስ ነው። ኤንቢሲን አሜሪካ ውስጥ በየከተማው የሚያሳዩት 200 ገደማ ጣቢያዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ደግሞ የኤንቢሲ ንብረት አይደሉም፣ በውል የሚሠሩ የሌላ ሰው ድርጅቶች ናቸው። እነዚህ ጣቢያዎች የሚኖሩት ማታ 5 ሰዓት ላይ በሚያቀርቡት የአካባቢ ዜና ማስታወቂያ ነው። 4 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑን የከፈተ ሰው እዚያው ይቆይና ዜናውን ያያል። 4 ሰዓት ላይ ሰው ከሌለ 5 ሰዓትም የለም። የሌኖ ፕሮግራም ተመልካች ሲያጣ ዜናቸው አብሮ ወደቀ፣ ከዜናው ቀጥሎ የሚመጣው የኮናን ፕሮግራምም አብሮ ተጎዳ።

ማስጠንቀቂያው ደግሞ ቀድሞ መጥቶ ነበር። ቦስተን ያለው አጋር ጣቢያ ገና በኤፕሪል 2009 «ሌኖን 4 ሰዓት ላይ አላሳይም፣ የራሴን ዜና አቀርባለሁ» ብሎ ነበር። ኤንቢሲ ውላችንን እናቋርጣለን ብሎ አስፈራርቶ መለሰው። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ገበያውን የሚያውቀው ሰው ነገራቸው፣ እነሱ አፉን አስያዙት። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን ጣቢያዎቹ አንድ ላይ ሲነሱ ማስፈራራት አልተቻለም።

ከዚያ የመጣው ሐሳብ ሌኖ 5:35 ላይ ለግማሽ ሰዓት ይግባ፣ «ቱናይት ሾው» ወደ ሌሊቱ 6:05 ይገፋ፣ ከሱ በኋላ ያለው ጂሚ ፋለንም አብሮ ይገፋ የሚል ነበር። ኮናን ጃንዋሪ 12 ላይ መግለጫ አወጣ፣ ይህን ፕሮግራም በማፍረስ ሥራ ውስጥ አልገባም አለ። ስለዚህ «አባረሩት» ብለህ አትጻፍ። ሰዓቱን ነካኩበት፣ እሱ እንቢ አለ።

የቡሬዋ

ሌኖን ሁሉም ሰው ለምን እንደሚጠላው አይገባኝም። ሰውየው አንደኛ እያለ ነው «ከ5 ዓመት በኋላ ትለቃለህ» የተባለው። አልጮኸም፣ ጣቢያ ቀይሮም አልሄደም። 4 ሰዓት ላይ ሥራ አሉት፣ ሠራ። ወደ 5:35 ተመለስ አሉት፣ እሺ አለ። ሥራውን የሚወድ ሰው ሌላ ምን ያድርግ?

የኮናንንም ቁጥር አትደብቁ። በጠቅላላ ተመልካች ከሌተርማን ያንስ ነበር። ወጣቶቹ ጋር ይሻል ነበር፣ እሺ፣ ማስታወቂያ የሚሸጠውም በነሱ ነው። ግን አጋር ጣቢያ የሚያየው የራሱን ከተማ ነው። ደግሞ ኮናን ባዶ እጁን አልሄደም። በስምምነቱ የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ 33 ሚሊዮን ያህሉ ለሱ፣ ቀሪው ለሠራተኞቹ። ከኒው ዮርክ ቤታቸውን ነቅለው ልጆቻቸውን ይዘው ሎስ አንጀለስ የገቡት እነዚያ ሠራተኞች ናቸው የሚያሳዝኑኝ። እነሱ መቼም ሰዓት አልመረጡ፣ ወንበር አልተመኙ።

ማታ በሬዲዮ

ሰላም ናችሁ ልጆች? እኔ የቴሌቪዥን ሰው አይደለሁም። ግን እዚሁ ጎጃም አንድ ኤፍኤም ላይ የማታ ፕሮግራም ስሠራ ቆይቻለሁ፣ የጣቢያው ስም ይቅር። ኮናን በ30 ደቂቃ ምን አስቆጣው ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የኔ ፕሮግራም ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት የሞጣ፣ የቢቸና፣ የስናን ሰው ከብቱን አስገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ሬዲዮውን መደቡ ላይ አስቀምጦ ያዳምጣል። ስልኩ ፋታ አይሰጠንም ነበር። አንዲት እናት ከስናን ይደውላሉ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላለ ልጃቸው ሰላምታ ያስተላልፋሉ፣ ከዚያ የድንቹን ነገር ይነግሩናል፣ ውርጭ መታው፣ አልመታው፣ ገበያ ላይ ስንት ወጣ። እሳቸውን ለመስማት ብቻ የሚከፍት ሰው ነበር።

ከዚያ ስፖንሰር ያለው የስፖርት ፕሮግራም መጣና የኔን ወደ 4 ሰዓት ገፉት። ሰሚዬ እኮ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ እርሻ የሚወጣ ሰው ነው፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ተኝቷል። ስልኩ ጭጭ አለ። እኚያም እናት ቀሩ። ትንሽ ቆይተው አለቆቹ ጠርተው «ሰሚ የለህም» አሉኝ። ፕሮግራምህን ዝጋ ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። የነኩት ሰዓቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ኮናን 6:05 አልገባም ያለው ክብር ፈልጎ ነው የሚለው ለኔ አይዋጥልኝም። ከሰዓቱ ጋር ሰሚው እንደሚሄድ ያውቃል። በኋላ ደግሞ ጥፋቱ የሚለጠፈው በራሱ ላይ ነው።

ከማርቆስ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም ነበር። ዓባይ ዳር፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ውል አልነበረውም እንዴ? ፕሮግራሙ 5:35 ላይ ይጀምራል የሚል አንቀጽ ቢኖር ኖሮ ማን ይነካው ነበር?

ዓባይ ዳር

እሱ ነው ቁልፉ። ያኔ በሰፊው እንደተዘገበው ውሉ ላይ «ቱናይት ሾው»ን ያቀርባል ይላል እንጂ በዚህ ሰዓት ይጀምራል የሚል አንቀጽ አልነበረበትም። ያ ፕሮግራም ሌሊት 6 ሰዓት አልፎ ይጀምራል ብሎ ማን ያስባል? ኤንቢሲም የተደገፈው በዚሁ ነው። ሰዓቱን ብንቀይርም ፕሮግራሙን ሰጥተንሃል ነው ነገሩ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ብንልም ጠበቃ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ድርድሩ የተካሄደው በጃንዋሪ ነው፣ ኮምካስት ኤንቢሲን ሊገዛ መሆኑ የተነገረው ደግሞ ከዚያ በፊት በዲሴምበር። ሊሸጥ የተዘጋጀ ድርጅት አለቃ በየቀኑ ጋዜጣ ላይ መውጣት አይፈልግም፣ ቶሎ ከፍለው ዘጉት። ሌኖ ማርች 1 ላይ ተመለሰ፣ እስከ ፌብሩዋሪ 2014 ሠራ፣ ከዚያ ለፋለን ለቀቀ።

ደጀን መውረጃ

ጋዜጠኝነት የምትማር ከሆነ 2010 ላይ አትቁም። በጁላይ 2025 ሲቢኤስ የስቴፈን ኮልበርትን «ሌት ሾው» በሜይ 2026 እንደሚዘጋ ተናገረ። ምክንያቱ ኪሳራ ብቻ ነው አሉ። ግን ኮልበርት የሲቢኤስ ባለቤት የሆነው ፓራማውንት የትራምፕን ክስ በ16 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት መስማማቱን በፕሮግራሙ የተቸው ከዚያ 3 ቀን ቀድሞ ነበር። ፓራማውንት ደግሞ ስካይዳንስ ከሚባል ኩባንያ ጋር ለመዋሃድ የመንግሥት ፈቃድ እየጠበቀ ነበር፣ ፈቃዱም በሳምንቱ ተሰጠ። ገንዘቡም እውነት ሊሆን ይችላል፣ ፍርሃቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

ለጽሑፍህ ይበልጥ የሚጠቅምህ ግን የጂሚ ኪመል ነው። በሴፕቴምበር 2025 ኤቢሲ የሚባለው ጣቢያ የኪመልን የማታ ፕሮግራም አገደው። እዚህም የአጋር ጣቢያዎቹን እጅ ተመልከት። ብዙ ጣቢያ የያዙት ኔክስታርና ሲንክሌር አናሳይም ብለው ነበር። ኪመል ሳምንት ሳይሞላው ሲመለስ እንኳ እነሱ ለጥቂት ቀን ቀጥለው ዘጉት። በ2010 የተነሱት ለዜናቸው ገቢ ነው፣ ያ አቤቱታ ትክክል ነበር። በ2025 ደግሞ የብሮድካስት ተቆጣጣሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ በአደባባይ ካስፈራራ በኋላ ነው። የሚጫኑበት መንገድ አንድ ነው፣ የሚጭናቸው ግን ሌላ። እኔ ብሆን ሙሉውን ጽሑፍ በዚህ ላይ ነበር የምሠራው።

የቡሬዋ

ይህ ጥሩ ነው። ግን ኮናንን መልአክ አድርጋችሁ እንዳትጨርሱት። ከኤንቢሲ ከወጣ በኋላ ለወራት ቴሌቪዥን ላይ መታየት በስምምነቱ ተከልክሎ በየከተማው መድረክ ላይ ሲዞር ከረመና ኖቬምበር 8 ቀን 2010 ቲቢኤስ ላይ ጀመረ። እዚያ 5 ሰዓት ላይ ማን ነበር? ጆርጅ ሎፔዝ። እሱ ለኮናን ሲባል ወደ ሌሊት 6 ሰዓት ተገፋ። በኦገስት 2011 ፕሮግራሙ ተዘጋ። ጋሼ የነገሩን ነገር እኮ ሎፔዝ ላይ ደርሷል። ለሱ ማን ሰልፍ ወጣለት?

ዓባይ ዳር

እውነትሽን ነው፣ ይህ መግባት አለበት። ልዩነት አለው ግን። ሎፔዝ ቀድሞ ተጠይቋል፣ እንዲያውም ና ብሎ ኮናንን ያበረታታው እሱ ነው። ኤንቢሲ ይህን ቢያደርግ፣ ሁለቱን አስቀምጦ በ2009 ፊት ለፊት ቢነግራቸው፣ ወይ ሌኖ በክብር ይሄድ ነበር ወይ ኮናን ሌላ ቤት ይፈልግ ነበር። ሎፔዝ ወዶ ተገፍቶም ተመልካቹን ማጣቱ ግን ያንቺን ነገር ያጠናክራል። ማርቆስ፣ የሌኖን፣ የኮናንንና የሎፔዝን ሰዓት ጎን ለጎን በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጣቸው፣ ከመቀየሩ በፊትና ከተቀየረ በኋላ። መምህርህ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ከማርቆስ

እሺ፣ ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ። የኪመልንም ጉዳይ ለብቻው ክፍል እሰጠዋለሁ። ጋሼ፣ ስምዎንና ጣቢያውን ሳልጠቅስ የእርስዎን ታሪክ ብጽፈው ይፈቅዱልኛል?

ማታ በሬዲዮ

ጻፈው ልጄ። የስናኗን እናት ግን እንዳትተዋቸው።