ከኋላ ጎማ ሞዞ ላይ አልላቀቅ ያለ ፒኞን እንዴት ይፈታል?

ጥያቄ፦ የብስክሌት ተጠቃሚ፣ ባሕር ዳር

ለተከበራችሁ የብስክሌት ባለሙያዎች፤ ወደ ሥራ የምመላለስበት ባለ 26 ኢንች ብስክሌት በኋላ ጎማው ላይ፣ በካቴናው በኩል ያሉት ራጂዎች (መሃሉን ከቸርኬው ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ዘንጎች) አንዳንዶቹ ተሰብረዋል። አዲስ ራጂ ለማስገባት ስሞክር ባለ ስድስት ማርሹ ፒኞን (ካቴናው የሚያርፍባቸው ጥርሳም ክቦች) የሞዞውን፣ ማለትም ራጂዎቹ የሚነሡበትን የጎማውን እምብርት፣ ቀዳዳዎች ስለሚጋርድ፣ እርሱ ካልወረደ ሥራው እንደማይሆን ተረዳሁ። የሰፈራችን ጥገና ቤት መፍቻ አስገብቶ በመዶሻ ቢመታውም አልነቃነቅ ስላለ ሁለት ሐሳብ ቀርቦልኛል፤ አንደኛው በብየዳ እሳት ማሞቅ፣ ሌላው ራጂዎቹን በሙሉ ቆርጦ ሞዞውን ለብቻው ሞርሳ (ብረት ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ማሰር ነው። ሞዞው አሉሚኒየም ሲሆን ቸርኬውም ገና ደኅና ነው። ሞዞውን ሳልጎዳ ፒኞኑን የማወርድበት መንገድ ይኖር ይሆን? የሚፈታውስ ወደ የት በኩል ሲዞር ነው?

መልስ፦ ብስክሌት ጠጋኝ፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ አስቀድሜ አደራ የምለው ራጂዎቹን እንዳይቆርጡ ነው። ፒኞኑን የሚፈታው ጉልበት የሚገኘው ከቸርኬው ስፋት ነው፤ ራጂዎቹ ከተቆረጡ በእጅዎ የሚቀረው ለመያዝ የማይመች ሙልጭልጭ ሞዞ ብቻ ስለሚሆን፣ አሁን ከባድ የሆነው ሥራ ያን ጊዜ ፈጽሞ የማይቻል ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ፒኞኑ ፍሪዊል (ወደ ኋላ የሚያሽከረክረው ክፍል ከጥርሶቹ ጋር አንድ ሆኖ የሚወርድበት) ይሁን ካሴት (ያ ክፍል ሞዞው ላይ ቀርቶ ጥርሶቹ ብቻ የሚወርዱበት) ይለዩ፤ መፍቻቸውም አፈታታቸውም የተለያየ ነውና። ጎማውን አውርደው ጥርሶቹን ወደ ኋላ ያሽከርክሩ። መፍቻው የሚገባበት የመሃሉ ክፍል ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፤ ጥርሶቹ እየዞሩ እርሱ ባለበት ከቆመ ፍሪዊል ነው። በስድስት ማርሽ ብስክሌት ላይ በብዛት የሚገኘው ፍሪዊል ስለሆነ ምክሬን በዚያ ላይ እመሠርታለሁ።

ፍሪዊል በሞዞው ጠመዝማዛ ጥርስ ላይ እንደ ዳዶ የሚገጠም ነው። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ይበልጥ እየጠበቀ ይሄዳል፤ በተለይ ዳገት ላይ በትልቁ ጥርስ ሲወጣ የሚያርፍበት ጉልበት ከፍተኛ ነው። ለዓመታት ያልተፈታ ከሆነ ደግሞ በብረቱና በአሉሚኒየሙ መካከል የሚፈጠረው ዝገት ያጣብቀዋል። የሚፈታው፣ በፒኞኑ በኩል ሆነው ሲያዩት፣ በሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ጥርሶቹን በካቴና አስሮ መያዝ ለካሴት እንጂ ለፍሪዊል አይጠቅምም።

ማታ ጎማውን ፒኞኑን ወደ ላይ አድርገው ያጋድሙና በመሃሉ ክፍል ዙሪያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያንጠባጥቡ፤ ከዚያ ገልብጠው ከራጂው በኩል ፒኞኑና ሞዞው በሚገናኙበት ላይም ይድገሙትና ያሳድሩት። ጠዋት ልኩ የሆነውን መፍቻ እስከ መጨረሻው ያስገቡና በአክሱ ዳዶ ከላይ ይሰሩት፤ ያልታሰረ መፍቻ በጭነት ጊዜ ብድግ ብሎ ጎድጎዶቹን ስለሚበላ፣ እኔ ይህን ሳያደርግ የሚጀምርን ሰው አስቆመዋለሁ። ከዚያ መፍቻውን በጠንካራ ሞርሳ አጥብቀው፣ ጎማው ከላይ ጋደም ብሎ እንዲቀመጥ ያድርጉና ቸርኬውን በሁለት እጅ እንደ መኪና መሪ ይዘው ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ ያዙሩት። መዶሻ አያስፈልግም፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ጎማ ራሱ በቂ ማንሻ ነው። ብዙ ጊዜ ድንገት "ጧ" ብሎ ይለቃል። ያን ጊዜ ወዲያው ዳዶውን ያላሉ፤ ፒኞኑ እየተፈታ መፍቻውን ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ዳዶው እንደ ታሰረ ከቀጠሉ አክሱ ሊጎዳ ይችላል።

መልስ፦ የብረታ ብረት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

ከሐዋሳ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ ስለ እሳቱ ብቻ ልጨምር። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። በእርስዎ ጎማ ላይ አሉሚኒየሙ ከውስጥ፣ ብረቱ ከውጭ ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው ሲግሉ ውስጠኛው ከውጨኛው በላይ ይሰፋና ይበልጥ ይናከሳሉ። ይህ ብቻ አይደለም፤ የብየዳ እሳት የአሉሚኒየሙን ጥንካሬ ይቀንሳል፣ የኩሽኔታውን ግሪስ ያቃጥላል፣ በፍሪዊሉ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ሞላዎችም ያለዝባል። ሞዞው ብረት በሆነባቸው የቆዩ ብስክሌቶች ላይ ውጨኛውን ብቻ በጥንቃቄ ማሞቅ ሊረዳ ይችላል፤ ለእርስዎ ግን አልመክርም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፍሪዊል መሆኑን አረጋግጬ፣ ዘይት አሳድሬ እንደተባለው ሞከርሁ። ነገር ግን መፍቻው የሚይዛቸው አራቱ ጎድጎዶች ቀደም ሲል በመዶሻው ተበልተው ኖሮ፣ መፍቻው በዳዶ ታስሮም ቢሆን ይንሸራተታል። አሁን ምን ተስፋ አለኝ? አዲስ ፍሪዊል ብገዛስ የሌላ ፋብሪካ ምርት በዚህ ሞዞ ላይ ይገጥማል?

መልስ፦ ብስክሌት ጠጋኝ፣ ሐዋሳ

ሞዞው አሁንም ይድናል፤ ፍሪዊሉን ግን መሠዋት ይኖርብዎታል። ፊት ለፊት ሲያዩት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ቀለበት አለ፤ ፍሪዊሉን ገጥሞ የያዘው እርሱ ነው። የዚህ ቀለበት ጠመዝማዛ ጥርስ የግራ ስለሆነ የሚፈታው ከተለመደው በተቃራኒ፣ በሰዓት አቅጣጫ ነው። ሹል ብረት በቀዳዳው ላይ ወደ ጎን አስተኝተው በመዶሻ ይምቱት፤ በዚህ ሥራ መዶሻው ቦታው ነው። ቀለበቱ ሲወጣ ጥርሶቹን የተሸከመው ውጨኛ አካል ወደ ላይ ይነሣል፤ በውስጡ ያሉት ደቃቅ ኳሶች ስለሚበተኑ ከሥር ጨርቅ ያንጥፉ።

በሞዞው ላይ የሚቀረው ውስጠኛው የብረት አካል ነው። ይህ ክፍል ከእንግዲህ ስለማይፈለግ ቢቧጨርም ግድ የለም፤ በሞርሳ አጥብቀው ይያዙትና ቸርኬውን እንደ በፊቱ ያዙሩት። ሞርሳ ካልያዘው ትልቅ የቧንቧ መፍቻ ይሞክሩ። ራጂዎቹን አለመቁረጥዎ የሚጠቅምዎት እዚህ ላይ ነው።

ስለ መግጠሙ አይስጉ፤ በቅርብ ዘመን የተሠሩት ፍሪዊሎች በአብዛኛው 1.37 ኢንች ስፋትና በአንድ ኢንች 24 ጠመዝማዛ ጥርስ ያለውን ልክ ስለሚከተሉ የተለያዩ ፋብሪካዎች ምርት ይገጣጠማል። ከድሮዎቹ የፈረንሳይና የጣሊያን ብስክሌቶች የተወሰኑት ልካቸው በጥቂቱ የሚለይ በመሆኑ፣ በጉልበት ሲገጠም የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይልጣል። ሲገዙ የማርሹ ቁጥር ስድስት መሆኑን፣ የመፍቻው ቦታም በከተማዎ ከሚገኝ መፍቻ ጋር የሚስማማ መሆኑን ይመልከቱ።

አዲሶቹን ራጂዎች አስገብተው ቸርኬውን ካስተካከሉ በኋላ የሞዞውን ጥርስ በብሩሽ ያጽዱና ግሪስ በደንብ ይቀቡት፤ ቀደም ሲል የተጣበቀው ግሪስ ሳይቀባ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል። አዲሱን ፍሪዊል ያለ መፍቻ በእጅ ብቻ እያዞሩ ያስገቡ፤ ገና ሲጀምር ከከበደዎት ጠምሞ ገብቷልና መልሰው አውጥተው እንደገና ያስጀምሩት። በመፍቻ ማጥበቅ አይገባም፤ ሲነዱት ራሱ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ጥቂት ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ የማርሽ መቀየሪያውን ሽቦ እንደገና ማስተካከል ያስፈልግዎ ይሆናል።