ግጥሙ ወረቀት ላይ ያምራል፣ ዜማ ላይ ሲወጣ ይሰባበራል፤ ከየት ልጀምር? (ድሬዳዋ)

የከዚራ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ድሬዳዋ ነው። ግጥም መጻፍ አይቸግረኝም፤ ቤት ይመታል፣ ያነበበው ሰውም ይወደዋል። ችግሩ ዜማ ላይ ነው። አንዱ መስመር ልክ ይመጣል፣ ቀጣዩ ላይ ቃላት ይተርፋሉ፣ ወይ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ወይ ቃሉ ሲዘፈን ሌላ ትርጉም ይይዛል። ዜማውን አስቀድሜ ሳንጎራጉር ደግሞ ያምርና ግጥም ስከትበት ስሜቱ ይጠፋል። ግጥም ይቅደም ወይስ ዜማ?

ሁለተኛ፣ ስለ ድሬ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ብዕር ሳነሳ የሚመጣልኝ «የፍቅር ከተማ»፣ «ሙቀትሽ»፣ «በረሃዋ ገነት» ነው። ሁሉም ተብሏል። ሐሳብ ከየት ታመጣላችሁ?

የአንዱ ዘፈን አዝማች ይኸው፣ ሳትራሩ ንገሩኝ፦

ባቡሩ ሄደና ለገሃር ዝም አለ
አንቺን ያየሁበት መስኮቱ ግን አሁንም እዚያው አለ

ያለኝ ስልክና ኪቦርድ ብቻ ነው። አቀናባሪ ጋ ከመሄዴ በፊትስ ምን ላዘጋጅ?

ስንኝ ቆጣሪ፦

አቦ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ልኩ ነው የተበላሸው። ቀለም እንቁጠር። በአማርኛ የሚቆጠረው አናባቢው የሚሰማ ድምፅ ነው፤ አናባቢው የማይሰማ ሳድስ ከፊቱ ባለው ላይ ይዘጋና ለብቻው አይቆጠርም። የመጀመሪያው መስመርህ፦ ባ-ቡ-ሩ ሄ-ደ-ና፣ 6። ለ-ገ-ሃር ዝም-አ-ለ፣ 6። ንጹሕ ወል ቤት ነው፣ 6 በ6። ሁለተኛው፦ አን-ቺን ያ-የ-ሁ-በት፣ 6። ከዚያ በኋላ ግን «መስኮቱ ግን አሁንም እዚያው አለ» 12 ቀለም ነው። ዜማህ 6 የሚይዝ ማሰሮ አዘጋጅቶ አንተ 12 ትገለብጥበታለህ፤ ትንፋሽ የሚያጥርህም ለዚህ ነው። «አሁንም እዚያው» የሚለውን አውጣ፤ «ግን አለ» ካልክ ሁለቱም በውስጡ አሉ፦

አንቺን ያየሁበት መስኮቱ ግን አለ

መስ-ኮ-ቱ ግን አ-ለ፣ 6። አለቀ።

የተለመዱት ልኮች ወል ቤት (6 በ6)፣ ሰንጎ መገን (5 በ5) እና ቡሄ በሉ (4 በ4) ናቸው። ለዝግታና ለትረካ ወል ቤት ይመቻል፤ ፈጣን ጭፈራ ላይ ግን ይጨናነቃል፣ እዚያ 5 በ5 ወይ 4 በ4 ይሻላል። በአንድ ዘፈን ውስጥ አንጓዎቹ (በአዝማቹ መካከል የሚመጡት ክፍሎች) 6 በ6 ሆነው አዝማቹ 5 በ5 ቢሆን ነውር የለውም፤ እንዲያውም አዝማቹ መምጣቱን ጆሮ ቶሎ ይለየዋል። ነውሩ በአንድ አንጓ ውስጥ ልኩን መቀያየር ነው።

«ለገሃር» የሚለውንም ቀይረው። ለገሃር ስትል አብዛኛው ሰሚ ልቡ አዲስ አበባ ይሄዳል። የድሬው ሰፈር «ከዚራ» 3 ቀለም ነው፣ ቦታው ላይ ልክ ይገባል፤ የድሬው አሮጌው ባቡር ጣቢያም ያለው እዚያው ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ፣ ማጥበቅና ማላላት። አዝማችህ በሁለት «አለ» ነው የሚያልቀው። የመጀመሪያው («ዝም አለ») ላላ ያለ ነው፣ ሁለተኛው («መስኮቱ ግን አለ») ይጠብቃል። ወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ ዜማ ላይ ግን አንድ አይደሉም። በላላው ላይ «አ»ን እንደፈለግህ ብትስበው ችግር የለም። በጠበቀው ላይ «አ» አጭር ሆኖ ቶሎ «ል» ላይ መርገጥ አለበት፣ የሚሳበው መጨረሻው «ለ» ነው። «መስኮቱ ግን አአአለ» ብለህ ከሳብከው መስኮቱ ተናገረ ማለት ይሆናል። «ቃሉ ሲዘፈን ሌላ ትርጉም ይይዛል» ያልከው ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ግጥምህ ላይ በሚጠብቁ ፊደላት ሥር መስመር አስምር፤ ረጅም ኖታ ከሚጠብቅ ፊደል ፊት ባለው አናባቢ ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቀቅ።

ሌላው፣ የስንኝ መጨረሻ። «ልብሽ»፣ «ፍቅርህ» ብለህ ብትጨርስ የምትስበው አናባቢ የለህም፤ «ሽ» አይዘፈንም፣ ይነፍሳል። ከፍ የሚለው ኖታ «አ»፣ «ኦ» ወይም ግዕዝ ድምፅ ላይ ሲያርፍ ጉሮሮ ይከፈታል፤ «ኢ» ላይ ሲያርፍ ይጠብባል።

ግጥም ወይስ ዜማ ላልከው፦ ከሁለቱም በፊት አንዲት ሐረግ ትቅደም። ያቺን ሐረግ ለሰው እንደምትናገር አድርገህ ጮክ ብለህ ደጋግማት፤ ድምፅህ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል ስልክህ ላይ ቅዳ። የዜማው ዘር ያ ነው። ዜማው ቀድሞ ከመጣ ደግሞ በ«ላ ላ ላ» ቅዳው፣ ኖታዎቹን ቁጠር፣ አጭሩን ነጥብ፣ ረጅሙን ሰረዝ እያደረግህ ወረቀት ላይ አስፍር፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ለዚያ ንድፍ ቃል ፈልግ። ስሜቱ የሚጠፋው ረጅም ኖታ ላይ «እና»፣ «ግን»፣ «ነው» ሲያርፍበት ነው። ረጅሙ ኖታ የሚገባው ለከባዱ ቃል ነው።

ጀጎል ውስጥ፦

ከሐረር ነኝ። ስለ ሐሳቡ ልጨምር።

ከስሜት አትጀምር፤ ከነገር ጀምር። አንድ ቦታ ሄደህ 20 ደቂቃ ቁጭ በልና የምታየውንና የምትሰማውን ብቻ ጻፍ። «ፍቅር»፣ «ናፍቆት»፣ «ውበት» የሚሉት ቃላት በዚያ ወረቀት ላይ የተከለከሉ ይሁኑ። ቀፊራ ገበያ ይሆናል፣ እኛ ጋ መኪና ግርግር ይሆናል። መኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ የተደረደሩበት የጀጎል መንገድ ነው፤ ሲንጀሩ ይሮጣል፣ ስፌቱ ጥግ ሲደርስ ይቆማል፣ ጨርቁ ይዞርና እንደገና ይሮጣል። ይህን 30 ሴኮንድ በስልክ ቀድተህ በጣትህ ብትከተለው ምት ሰጠህ ማለት ነው፤ የቆመበት ቦታ ደግሞ ለዘፋኙ መተንፈሻ ይሆናል። ግጥም ሳትጽፍ ግማሽ መንገድ ሄድክ።

ከዚያ ከጻፍከው ውስጥ የሚገለበጠውን ነገር ፈልግ። የድሬውን ወንዝ ደቻቱን ውሰድ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ሌሊት ይደርሳል። «ሰማዬ ጥርት ብሎ ጎርፍ ወሰደኝ» የሚል ሰው ምን እንደደረሰበት ማንም ይረዳል፤ ሰሙ ወንዙ ነው፣ ወርቁ ድንገት የመጣው ነገር። ግን በ1998 ሐምሌ መጨረሻ በዚያ ጎርፍ ብዙ ሰው አልቋል፤ ድሬ ውስጥ ቤተሰብ ያጣ ሰው ይሰማሃልና ደቻቱን ለቀላል የፍቅር ጨዋታ አታውለው።

ያንተ ዘፈን ግን የሚገለበጠውን ነገር አግኝቷል፣ አልተጠቀምክበትም እንጂ። ከዚራ ያለው ጣቢያ ዝም ያለው ባቡር ስለጠፋ አይደለም፤ አዲሱ መስመር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ስለሆነ ነው። ባቡሩ አለ፣ በአንተ በር አያልፍም እንጂ። የሄደች ሴትም እንዲሁ ናት፤ አልሞተችም፣ በሌላ በር ታልፋለች። አዝማቹ ዝምታውን ይናገር፣ ይህን ግን ለሁለተኛው አንጓ አቆየው፤ ሰሚው መጀመሪያ ባቡሩ ጨርሶ የቀረ ይምሰለው። መነሻ ካስፈለገህ፦

ባቡርስ አልቀረም መንገዱን ቀየረ

6 በ6 ነው። ቀጣዩን አንተ ጻፈው። «የፍቅር ከተማ»ን ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ይህን ግን ከዚራን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚጽፈው።

ኪቦርድ፦

ቅኝት (ዜማው የሚመላለስባቸውን አምስት ድምፆች) ሳትመርጥ አትቅዳ። ከ«ዶ» ስትነሳ፦ ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፤ ትዝታ ማይነር ዶ ሬ ሚ-ፍላት (ግማሽ ድምፅ የወረደ ሚ) ሶል ላ-ፍላት፤ ባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ፣ ማይነሩ ሚ እና ሲ ፍላት ሆነው፤ አምባሰል ዶ ሬ-ፍላት ፋ ሶል ላ-ፍላት፤ አንቺሆዬ ዶ ሬ-ፍላት ፋ ሶል-ፍላት ላ። አንዱን አዝማች በሁሉም ሞክረው። ለዚህ ግጥም እኔ ባቲ ማይነርን እመርጣለሁ። ትዝታ ማይነር ገና ሳይዘፈን ያለቅሳል፤ ይህ ሰው ግን መስኮቱን ሲያይ ግማሽ ልቡ ገና ተስፋ ላይ ነው።

ስህተት የሚበዛው ኮርድ ላይ ነው። በትዝታ ሜጀር ውስጥ ፋ የለም፤ ድምፃዊው ከሚ ወደ ሶል ሲዘል ያቺ ባዶ ቦታ ናት ትዝታ የምታሰኘው። ግራ እጅህ የፋ ኮርድን ረዘም አድርጎ ከያዘባት ቦታዋ ይደፈናል፣ ዘፈኑም የውጭ ዘፈን ይመስላል። መጀመሪያ በዶ እና በሶል ብቻ፣ ሁለት ሁለት ኖታ ይዘህ አጅበው። የሚጎድል ነገር ካለ አቀናባሪው ይጨምረዋል።

ቁልፉን (ቅኝቱ የሚነሳበትን ኖታ) ደግሞ በድምፅህ ምረጥ። አዝማቹ ላይ ያለውን ከፍተኛ ኖታ ቆመህ፣ ሳትጮህ ደጋግመህ አውጣው፤ አንገትህ ከተወጠረ በኪቦርዱ ትራንስፖዝ (ቁልፍ መቀየሪያ) ግማሽ ግማሽ ድምፅ እያልክ አውርድ። የአንጓው ዝቅተኛ ኖታ ሲጠፋብህ ደግሞ አልፈሃል፤ መልሰህ አንድ ከፍ አድርግ። አዝማቹ ከአንጓው ከፍ ብሎ ይጀምር፤ እኩል ከሆኑ ሰሚው አዝማቹ እንደመጣ አያውቅም።

በ6/8 ችክችካ የምትሠራው ከሆነ 6ቱ ቀለም በሁለት ባር ይዘርጋ፣ ስድስተኛው ይረዘም፤ ትንፋሹም እዚያ ነው።

የከዚራ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ሁለተኛውን አንጓ እንዲህ ጀመርኩት፦

ባቡርስ አልቀረም መንገዱን ቀየረ
የእኔ ዓይን ብቻ ነው ጣቢያው ላይ የቀረ

አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ ድሬ ላይ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ እያቀላቀለ ነው የሚያወራው። የኦሮምኛ ቃል አዝማቹ ላይ ባስገባስ?

ስንኝ ቆጣሪ፦

«አልቀረም» ብለህ ከፍተህ «የቀረ» ብለህ መዝጋትህ ግሩም ነው፣ እንዳትነካው። ሁለተኛው ሐረግ ግን 7 ነው፦ ጣ-ቢ-ያው ላይ የ-ቀ-ረ። «እዚያው የቀረ» ብትለው 6 ይሆናል፤ ጣቢያው ካዝማቹ ስለሚታወቅ መድገም አያስፈልግም። «የቀረ» ውስጥ «ረ» ይጠብቃል፤ ስለዚህ «ቀ»ን ሳትስብ «ረ» ላይ እረፍ።

ኦሮምኛውን በተመለከተ፣ ይቻላል፤ ዓሊ ቢራ ድሬዳዋ ተወልዶ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማሊኛም የዘፈነ ሰው ነው፣ አገሩ የለመደው ነገር ነው። ግን ለጌጥ ብለህ አትበትነው፤ አንድ ቃል ወይ አንድ ሐረግ፣ እሱም ሰው በእውነት በዚያ ቋንቋ በሚናገርበት ቦታ ይሁን፤ መጥራት፣ መሰናበት፣ መማል። በኦሮምኛ ደግሞ ከመጥበቅ በላይ የአናባቢው ርዝመት ትርጉም ይለውጣል፤ አጭሩን «አ» ዜማው ካስረዘመው ሌላ ቃል ይሆናል። አፉን በቋንቋው የፈታ ሰው ፊት ዘፍነው፤ ወረቀቱን አታሳየው፣ የሰማውን ይንገርህ።

ስቱዲዮ ድሬ፦

ስለ ዝግጅቱ። አቀናባሪ ጋ አራት ነገር ይዘህ ሂድ፦ አዝማቹና አንጓዎቹ ተለይተው የተጻፉበት ግጥም፣ ያለ አጃቢ በክሊክ (በምት ቆጣሪ) የተቀዳ ድምፅ፣ ቅኝቱና ቁልፉ፣ ፍጥነቱ። ፍጥነቱን ስትጽፍ ቁጥሩ የምን እንደሆነ ግለጽ፤ 6/8 ላይ አንዱ ሰው በባር ሁለት ይቆጥራል፣ ሌላው ስድስት፣ «110» ብቻ ካልክ ሁለታችሁ የተለያየ ዘፈን ትሠራላችሁ።

በስልክ ስትቀዳ ስልኩን ከአፍህ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀህ ወደ አገጭህ ዘንበል አድርገው፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ጰ» ይፈነዳሉ። ክሊኩን በባለ ገመድ ኢርፎን ስማ። ብሉቱዝ ይዘገያል፣ አንተም ሳታውቀው ምቱን እየተከተልክ ወደ ኋላ ትቀራለህ። የድሬ ዋና ጠላት ቬንትሌተር ነው፤ ሙቀቱን ፈርተህ ካላጠፋኸው ጩኸቱ ከድምፅህ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ በኋላ ሲጸዳ ድምፅህንም ይበላዋል። ክፍሉን በደንብ አናፍሰህ ቬንትሌተሩን አጥፋ፣ አንድ አንጓ ቅዳ፣ አብራ፣ ቀጥል። ባጃጅ የሚቀንሰው ሌሊት ወይ ማለዳ ነው። ባዶ ግድግዳ ያስተጋባልና ከኋላህ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀል።

ስትልክ በቴሌግራም ድምፅ መልእክት አይሁን፣ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ላከው፣ ከተቻለ ዋቭ። ስቱዲዮ ገብተህ ድምፅ ስትቀዳ ደግሞ 24 ቢት ይሁን፣ ጩኸቱም ከፍ ሲል ከ-6 ዴሲቤል አይለፍ። አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።

ፋይሉን ከመላክህ በፊት ግን ስምምነቱን በጽሑፍ አድርግ። ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የማን ምን እንደሆነ፣ ክፍያው አንዴ ነው ወይስ ከገቢው ድርሻ አለ፣ ሌላ ድምፃዊ ቢጠይቅ ማን ይፈቅዳል፣ ይጻፍ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ግጥምና ዜማህ ተጽፈው ወይም ተቀድተው ከሰፈሩበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምዝገባ የተጠበቁ ናቸው፣ የኢኮኖሚ መብቱም ከደራሲው ሞት በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሐሳቡ ግን አይጠበቅም። ስለ ባቡሩና ስለ ከዚራ ሌላ ሰው ሊዘፍን ይችላል፤ ያንተ የሆነው ስንኙና ዜማው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን የስልክ ቅጂ ከነቀኑ አስቀምጠው፣ አታጥፋው፤ ክርክር ከተነሳ የሚታየው እሱ ነው።