እድር ለሞተ ብቻ ነው ወይስ ለታመመም? የአንድ የሀዋሳ ሰፈር ክርክር

የእድሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ጎረቤቶች። ትናንት ማታ በድምፅ መልእክት ስለተደበላለቀ ነገሩን በጽሑፍ ላንሳው።

የ23 ዓመቱ የአቶቴ ልጃችን (ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስሙ እዚህ አይጻፍ) ሆጅኪን ሊምፎማ በሚባል ከንፍፊት በሚነሳ ካንሰር ታሞ ነበር። ያኔ ሰፈሩ አዋጣ፣ ታከመ፣ ተሻለው፣ ተመረቀ። አሁን በሽታው ተመልሶበታል። የሕክምና ቦርድ ውጭ ሄዶ እንዲታከም ጽፎለታል። ህንድ ያለው ሆስፒታል የላከው ፕሮፎርማ 22 ሺህ ዶላር ይላል። ቤተሰቡ ከእድሩ ካዝና 300 ሺህ ብር እንዲሰጠው በደብዳቤ ጠይቋል።

ደንባችን ደግሞ ገንዘቡ ለቀብርና ለለቅሶ ብቻ ነው ይላል። ይሻሻል ወይስ እንዳለ ይቆይ? ጠቅላላ ጉባኤው እሁድ 8 ሰዓት ነው። ቅዳሴ የሚቆመውም ቸርች የሚሄደውም እንዲደርስ ብለን ነው ሰዓቱን የገፋነው። እስከዚያ ሐሳባችሁን ጻፉ። ድምፅ አትላኩ፣ በናታችሁ።

ባለ ባጃጁ፦
ይሄ ደግሞ ምኑ ያከራክራል? ልጁ ሲሞት ድንኳን ተክለን፣ ወንበር ደርድረን፣ 25 ሺህ ብር ለእናቱ ቆጥረን ልንሰጥ ነው። በሕይወት እያለ ሲለምነን ግን “ደንብ አለን” ልንል ነው። እኛ ተራችን ላይ ተነጋግረናል፤ የአንድ ቀን ገቢያችንን እንሰጣለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦
እሺ፣ ሎሚውን እንቁጠረው። አባላት 310 ነን። በወር 100 ብር ስናዋጣ በዓመት 372 ሺህ ይገባል። በደህና ዓመት አስር ቤት ለቅሶ ቢገባ 250 ሺህ ይወጣል። የጥበቃ ደመወዝ፣ የድንኳን ጥገና፣ የዕቃ ቤት ኪራይ አለ። ዛሬ ካዝናው ውስጥ ያለው 870 ሺህ ነው።

ወደ ልጁ ስመጣ፦ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። 22 ሺህ ዶላር ያኔ 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ብር አካባቢ ነው። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን ያልፋል። ትኬቱና የአስታማሚው ማደሪያ ሳይጨመር ማለት ነው። የተጠየቅነው አንድ አስረኛውን ነው። ዘጠኙ እጅ ካልተገኘ የእኛ አንድ እጅ ምን ይሠራል? እኔ አልቃወምም። መልስ ነው የምፈልገው።

እትዬ (የጥግ ቤት)፦
ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፣ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ያ ልጅ ከልጆቼ ጋር አንድ ትሪ ላይ ነው ያደገው፤ ከማንም በላይ ያሳዝነኛል። ግን ባሌ ሲሞት የዚህን እድር ጥቅም አየሁ። ልጆቼ አንዱ ሱዳን፣ አንዷ ቤሩት ናቸው፤ የሚጽፍልኝም ትንሹ ነው፣ ገና ተማሪ ነው። እኔን የሚቀብረኝ እድሩ ነው። መቶ መቶ ብሬን እየቋጠርኩ የከፈልኩት ለዚያ ነው። ከራሴ ልስጥ፣ 2 ሺህ ብር እሰጣለሁ። የእድሩን ግን አትንኩብኝ።

የታቦር ልጅ፦
እትዬ ልክ ናቸው። ማንም የማይደፍረውን ደግሞ እኔ ልጠይቅ፣ ብትሰድቡኝም። አንድ ጊዜ አዋጣን። ተመለሰ። ሦስት ሚሊዮን አውጥተን ሦስተኛ ቢመለስስ? በዚያ ገንዘብ እዚሁ ሪፈራል ተኝተው መድኃኒት መግዣ ያጡ ስንት ሰዎች ይታከማሉ? ደግሞ ነገ ኩላሊት የታመመ አባል ይመጣል። ዲያሊሲስ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ነው፣ ማለቂያ የለውም። እሱን ምን ልንለው ነው? “ያኛው ልጅ ቆንጆ ፈገግታ ነበረው” እንበለው?

ባለ ባጃጁ፦
አንተ ልጅ ግን ልብህ ከምንድን ነው የተሠራው?

የእድሩ ጸሐፊ፦
ሰው አይሰደብ። ጥያቄው ይመራል እንጂ ጥያቄ ነው። የዲያሊሲሱን ነገር እኔም ሳስበው ነው ያደርኩት።

ሲስተር፦
ከሥራ ወጥቼ ነው የምጽፈው፣ አጠር ላድርገው። “ካንሰር ከተመለሰ አበቃ” የሚለው ለብዙ ዓይነት ካንሰር ለእውነት ቅርብ ሊሆን ይችላል። ሆጅኪን ግን ይለያል። ወጣት ላይ የሚበዛ ነው፤ በመጀመሪያው ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) አብዛኞቹ ይድናሉ። የተመለሰባቸውም ሌላ መንገድ አላቸው።

መጀመሪያ ከበፊቱ የተለየ ኬሞ ሁለት ሦስት ዙር ይሰጣል። በሽታው ከቀነሰ፣ ስቴም ሴል የሚባሉት የራሱ ሴሎች ከደሙ ተለቅመው በቅዝቃዜ ይቀመጣሉ። ከዚያ በጣም ከባድ ኬሞ ይሰጠዋል፤ የካንሰሩን ትራፊ ብቻ ሳይሆን መቅኒውንም የሚያጠፋ ነው። በመጨረሻ የተቀመጡት ሴሎች በደም ስሩ ይመለሱለትና መቅኒው እንደገና ያንሰራራል። ንቅለ ተከላ የሚባለው ይሄ ነው፤ ህንድ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ሴሎቹ የራሱ ስለሆኑ ለጋሽ አያስፈልገውም። “መቅኒ የሚሰጥ ወንድም ይፈለጋል” ብሎ የለጠፈው ሰው እባኩን ያጥፋልኝ፤ ሁለት ወጣቶች ደም ሊሰጡ መጥተው ነበር።

በዚህ መንገድ ከሄዱት ግማሽ ያህሉ ለረጅም ጊዜ ይድናሉ። ግማሽ ነው ያልኩት። መቶ በመቶ ይድናል ብሎ የሚለምንላችሁን አትመኑ፣ “ገንዘብ መጣል ነው” የሚላችሁንም አትመኑ።

እማማ ዘቢብ ሻጯ፦
ጸበል ይወሰድ እንጂ። ስንቱ ድኗል።

ሲስተር፦
ይሂድ እማማ፣ ማንም አይከለክለውም። ቀጠሮው ብቻ እንዳያልፍበት፣ ኬሞው ላይ እያለ ደግሞ ሰው ከሚጨናነቅበትና ከብርድ ይጠበቅ። ነጭ የደም ሴሉ ሲወርድ ተራ ጉንፋን ይጥለዋል።

አዲስ ገቢ አባል፦
የጤና መድን ካርድ የለውም እንዴ?

ሲስተር፦
አለው። የማኅበረሰብ አቀፉ መድን የውጭ አገር ሕክምና አይሸፍንም።

ቲክቶከሩ፦
ጊዜ አናባክን። ላይቭ እንግባ። ጉዱማሌ ወይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆመን፣ ልጁ አልጋ ላይ ያለበትን ቪዲዮ ከጎን አድርገን፣ የንግድ ባንክ ቁጥርና ቴሌብር ከታች። ፊት ካልታየ ሰው አይሰጥም፣ ይሄን ከልምድ ነው የምነግራችሁ። ከዘፋኞችም የማውቃቸው አሉ። በሦስት ቀን ይሞላል።

እህቱ፦
ይቅርታ፣ ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። አልጋ ላይ ያለበትን ቪዲዮ ማን ቀረጸው? ባለፈው ፀጉሩ ረግፎ የተነሳው ፎቶ ከስንት ጊዜ በኋላ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ተከትሎት ሄዷል። “አንተ ያ የታመምከው ልጅ አይደለህም እንዴ” ብለውታል፤ ሥራውንም አልሰጡትም። ወንድሜ ሕፃን አይደለም። 23 ዓመቱ ነው። ምን ይታይ፣ ምን አይታይ የሚለውን እሱ ነው የሚወስነው። እሱ ያለው ይሄን ነው፦ “የቦርዱ ወረቀት ይለጠፍ፣ ፕሮፎርማው ይለጠፍ፣ ፊቴ አይለጠፍ።”

ቲክቶከሩ፦
እህቴ ይቅርታ፣ አጥፍቼዋለሁ። ግን በወረቀት ብቻ ብዙ አይገኝም፣ ከወዲሁ እወቁት።

የታቦር ልጅ፦
እህቱ ካለሽ አይቀር፣ በክፉ አትይብኝ። ባለፈው ከተዋጣው የተረፈ ነበር ተብሏል። የት ደረሰ?

እህቱ፦
ለሲቲ ስካን፣ ለአዲስ አበባ ምልልስና ለአልጋ ወጣ። ሆስፒታሉ ያጣውን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ነበር የምንገዛው። የመድኃኒቱ ደረሰኝ አለ። የመኪናውና የምግቡ የለም። እናቴ ታማሚ ይዛ ስትሮጥ ደረሰኝ ጠይቂ የሚላት ሰው አልነበረም።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ያኔ ገንዘቡን ተቀብሎ መዝግቦ መስጠት የኮሚቴው ሥራ ነበር። በእናትየው አካውንት ግባ ብለን እጃችንን ታጠብን። ይሄ ቤተሰቡ ላይ አይለጠፍ።

ከዲሲ፦
እዚህ ያለነው የሰፈሩ ልጆች ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጽ) ልንከፍት ነው። ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ገንዘቡን በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ማውጣት አይቻልም፤ እዚህ ያለ ሰው ነው ተቀባይ የሚሆነው። ስለዚህ ከእኛ አንዱ በስሙ ኃላፊነት ይወስዳል። ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 ከመቶና 30 የአሜሪካ ሳንቲም ይቆረጣል፣ “ለምን ጎደለ” እንዳትሉን። ሁለተኛ፣ ዶላሩን ወደ ብር ቀይረን ልከንላችሁ፣ እናንተ ደግሞ የቦርዱን ወረቀት ይዛችሁ መልሳችሁ ዶላር ፍለጋ ባንክ ለባንክ የምትዞሩት ለምንድን ነው? በሆስፒታሉ አካውንት፣ በልጁ የታካሚ ቁጥር ከዚህ በቀጥታ እንከፍላለን። ደረሰኙን እንለጥፋለን። በሰው እጅ የሚያልፍ ነገር አይኖርም።

ሒሳብ ሹሙ፦
ይሄ የመጀመሪያው ጤነኛ ሐሳብ ነው። እንዲያውም ጥያቄዬን ይለውጠዋል። ሲስተር፣ ያ ሁለት ሦስት ዙር ያልሽው ኬሞ የት ነው የሚሰጠው?

ሲስተር፦
እዚሁ አገር። ሐኪሙ በዚህ ሳምንት እንጀምር ብሎታል። መድኃኒቱ፣ ምርመራው፣ ምናልባት ደምም ያስፈልገዋል። ህንድ ቢሄድም በሽታው ሳይቀንስ ወደ ንቅለ ተከላው አይገቡም። ስለዚህ ነገ አውሮፕላን ላይ መውጣት የለበትም። ኬሞው ግን አንድ ወር መቆየት የለበትም።

ሒሳብ ሹሙ፦
እንግዲያው ሁለት ገንዘብ ነው ያለው። አንዱ አሁን የሚያስፈልግ ነው፣ በብር ነው፣ ትንሽ ነው። ሁለተኛው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ የሚያስፈልግ ነው፣ በዶላር ነው፣ ትልቅ ነው። እኛ እስካሁን የትልቁን አንድ አስረኛ ልንሰጥ ነው ስንጨቃጨቅ የነበረው። የእድሩ ብር ለመጀመሪያው ይዋል። በአንዴ 300 ሺህ ቆጥረን አንሰጥም፤ በየዙሩ፣ በሐኪም ማዘዣ፣ በቀጥታ ለፋርማሲው እንከፍላለን። ኬሞው ካልሠራ የቀረው ከካዝናው አልወጣም። ዲሲዎቹ ለሁለተኛው ይሰብስቡ። ለሁለተኛው የተሰበሰበው ሳይፈለግ ቢቀር የት እንደሚሄድ ግን ከአሁኑ ይጻፍ።

ከዲሲ፦
ለሚቀጥለው ታማሚ እንላለን። ገጹ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ይጻፋል።

ጋሼ (የቀድሞው ሊቀመንበር)፦
ዓይኔ ስለደከመ ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። “እድር ለሞተ ነው” የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ወጣቱን ሲጨርስ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ስንቀብር፣ ብዙ እድሮች የታመመ መጠየቅ፣ አስታማሚ ማገዝ፣ ወላጅ ያጣ ልጅ ማሳደግ ጀመሩ። ያኔም ደንብ ፈረሰ ተብሎ ተጮኸ። እድሮቹ አሁንም አሉ። የሲዳማ አባቶች “አፊኒ” ብለው ሁሉም ሳይሰማ ነገር አይቆርጡም። እትዬን ሳትሰሙ አትቁረጡ። የእሳቸው ፍርሃት ተራ ፍርሃት አይደለም።

የታቦር ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ያ የተለየ ጊዜ ነው። የአንድ ዙር ኬሞ ዋጋና የእናንተ ዘመን ማስታመም አይገናኙም። የታመመን እንርዳ ካልን ለሁሉም እኩል የሚሆን ሳጥን ይቋቋም። በወር ተጨማሪ 20 ብር።

ሒሳብ ሹሙ፦
በዓመት 74 ሺህ 400 ብር ይሆናል። ጥሩ ጅምር ነው። ለዚህ ልጅ ግን አይደርስለትም። ሳጥኑ ይቋቋም፣ ለአሁኑ ከካዝናው ይወሰድ፣ በሳጥኑ ቀስ እያለ ይተካ።

የታቦር ልጅ፦
በአራት ዓመት!

ሒሳብ ሹሙ፦
አዎ፣ በአራት ዓመት። ደብቄ አልነገርኩህም።

እትዬ (የጥግ ቤት)፦
አንብቦልኛል፣ ገባኝ። እኔን የሚያስፈራኝ የልጁ መታከም አይደለም። ካዝናው አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ማነው ነው። ደንቡ ላይ አንድ መስመር ጻፉልኝ፦ ለቀብር የሚቀመጠው ከ500 ሺህ ብር በታች አይወርድም፣ ማንም ቢታመም፣ ማንም ቢለምን። ከጻፋችሁ እሁድ እጄን አነሳለሁ።

ሒሳብ ሹሙ፦
870 ላይ 300 ቢወጣ 570 ይቀራል። 550 ይሁን እትዬ፣ ለእርስዎም ይሻላል።

የታቦር ልጅ፦
እኔ አሁንም እቃወማለሁ። እሁድ መጥቼ እቃወማለሁ። ካለፈ ግን በየዙሩ ደረሰኙን ፋርማሲ ድረስ ሄዶ የሚያመሳክር ሰው ያስፈልጋችኋል። ሌላ ሰው ከሌለ እኔ እሠራዋለሁ።

እህቱ፦
አንተ ብትሆን ደስ ይለኛል። ያለፈውንም ደረሰኝ እሁድ ይዤ እመጣለሁ።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ለእሁድ ሦስት ነጥብ ጽፌያለሁ፦ የደንቡ ማሻሻያ ከ550 ሺህ ወለሉ ጋር፣ ለኬሞው በየዙሩ የሚከፈለው፣ የ20 ብሩ ሳጥን። የአባላቱ ሁለት ሦስተኛ ካልተገኘ ደንብ አይሻሻልም፤ 207 ሰው ያስፈልገናል። ባለ ባጃጆች፣ አቅመ ደካሞችን በነፃ አምጡልን።

ባለ ባጃጁ፦
እትዬን እኔ ነኝ የማመጣቸው። ከ7 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በራቸው ላይ ነኝ።