አስቸኳይ፦ ነገ ሱሉልታ ነን፣ ፍሬኑ በዝናብ አልይዝ አለ

ባለኮፍያው፦ እባካችሁ ቶሎ! ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ከክለቡ ጋር ከአዲሱ ገበያ እንነሳለን። የብስክሌቴ የኋላ ፍሬን ዛሬ ዝናብ ላይ ጭራሽ አይይዝም፣ ይጮኻል። ካቦውን አጥብቄዋለሁ። ሱቅ ተዘግቷል።

ማርሽ21፦ ዲስክ ነው ወይስ ቸርኬ የሚይዝ?

ሰኞ ገበያ፦ በአልኮል ጥረገው።

ጋሽ ብሎን፦ ልጄ፣ ከፍሬኑ በፊት አነዳድ። በእርጥብ አስፋልት ከፊትህ ካለው ጎማ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ። ነጩ የመንገድ ቀለምና የቱቦ የብረት ክዳን ላይ ፍሬን አትያዝ፣ አትታጠፍ። ከጎማህ ንፋስ 5 እስከ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ቀንስ። ፓራፋንጎ ከሌለህ ከሰልፉ መጨረሻ ሁን፤ የኋለኛውን ሰው ጭቃ አታብላው።

ባለኮፍያው፦ እሺ ጋሼ። ቸርኬ የሚይዝ ነው።

ቁልቁለት፦ ችግሩ ሰዓቱ ነው እንጂ ፍሬኑ አይደለም። በክረምት ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት ነው። እስከ 5 ሰዓት ተመለሱ፣ አለቀ።

ማርሽ21፦ ሌሊት የዘነበውስ? ጠዋት ቁልቁለቱ እርጥብ ነው፣ ጭጋግም አለ። በዚህ ፍሬን አይወረድም።

ጭቃ በጭቃ፦ በጫማህ አቁም፤ ሶሉ እስከ ሱሉልታ ይበቃል 😂

ማርሽ21፦ የኋላው ብቻ ከሆነ ዘይት ጠርጥር፤ ሰንሰለት ላይ የሚረጭ ዘይት ቸርኬው ላይ ያርፋል። ጎማውን አውጣ፣ የቸርኬውን ሁለት ጎን ጨርቅ እየቀያየርክ ጥቁሩ እስኪያልቅ ጥረግ። በነጭ ጋዝ እንዳትሞክር፣ ቅባት ይተዋል። የፍሬኑን ጎማዎች ፈትተህ የሚያብለጨልጨውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፣ የተሰካ የብረት ፍንካች ካለ በመርፌ ልቀም። መስመሮቹ ጠፍተው ከሆነ ግን አልቀዋል፣ መቀየር ብቻ ነው። ጩኸቱን የሚያጠፋው አገጣጠሙ ነው፦ ብሎኑን ስታጠብቅ ከኋላ ጫፋቸው ስር የታጠፈ ወረቀት አድርግ፣ የፊቱ ጫፍ 1 ሚሊ ያህል ቀድሞ ይንካ። ነገ ደግሞ ከመታጠፊያው ቀደም ብለህ ለስለስ አድርገህ ያዝ፤ ቸርኬው ውሃውን እስኪጠርግ ፍሬኑ ይዘገያል።

ባለኮፍያው፦ አልኮል የለኝም። የሳህን ሳሙና ይሆናል?

ማርሽ21፦ ይሆናል፣ በደንብ አለቅልቀህ አድርቀው። የፊቱንም እይ፤ ዋናው የሚያቆምህ እሱ ነው።

ቁልቁለት፦ መለዋወጫ ከመነዳሪ ያዝ። እርጥብ ጎማ ላይ ፓች አይጣበቅም፣ በዝናብ ደግሞ ስብርባሪ ጠርሙስ ቶሎ ይበሳል። አዲሱን ከማስገባትህ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣትህ ዳስስ።

ሰኞ ገበያ፦ አልኮል ሞከርክ ግን?